የዱሮ ሰዎች ቃል በልጄ አፍ

የልጄን ጉንጭ በአውራ ጣቴ ፈተግሁት፤ ቀለሙ አልለቀቀም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ማማ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ። ማማ የምላቸው የምንከባከባቸውን ፈረንጅ አሮጊት ነው፤ ዘጠናን ካለፉ ቆይተዋል። ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሶፋው ላይ ተጋድማ ቴሌቪዥን ስታይ እንቅልፍ ጣላት። ብርድ ልብስ ላለብሳት ጠጋ ስል ሁለቱም ጉንጮቿ ቀልተው አየሁ፣ ለሠርግ የተኳለች ሚዜ ይመስል። የማማን የፊት ቀለም ከመሳቢያ አውጥታ የተቀባች መስሎኝ ነው የፈተግሁት። ጣቴን አየሁት፤ ምንም የለውም። ምራቅ አስነክቼ ደግሜ ፈተግሁ። ቀለም አይደለም፤ ከቆዳዋ ሥር የመጣ ቅላት ነው።

ዓይኗን ገለጠች። ፊቷ ወደ እኔ ነው፣ የምታየው ግን ከትከሻዬ በስተኋላ ያለ ነገር ነው። ከዚያ ቃሉን እንደ ማስቲካ እየጎተተች፣ «አይ ጋት ዘ ሂቢ ጂቢስ፣ ኪዶ» አለችኝ። ምክንያቱን የማላውቀው ፍርሃት ወረረኝ ማለቷ ነው።

ይሄ የልጄ እንግሊዝኛ አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እሷ በምትማርበት ትምህርት ቤት፣ እንዲህ ብሎ የሚናገር ልጅ የለም፤ አስተማሪም ያለ አይመስለኝም። የማማ ንግግር ነው። ቃሉ ብቻ ቢሆን እሺ፤ ልጅ የሰማውን ይደግማል። ግን አፏን ወደ አንድ ጎን ማጣመሟ፣ መጨረሻው ላይ ድምጿን ቁልቁል መልቀቋ፣ እኔን እናቷን «ኪዶ»፣ አንቺ ልጅ፣ ብላ መጥራቷ፣ ሁሉ የአሮጊቷ ነው። ወዲያው ከጎን ካለው ክፍል ማማ በእንቅልፍ ልባቸው ከት ብለው ሳቁ። ልጄም አብራ ሳቀች። እኩል ጀመሩ፣ እኩል አቆሙ።

እጄ ብርድ ልብሱን እንደያዘ ቀረ። ይህቺን ልጅ ከእጄ እየወሰዱብኝ ነው አልኩ በልቤ። ማን እንደሚወስዳት አላውቅም፤ እየተወሰደች መሆኑን ግን ያን ሰዓት አወቅሁ።

እንዴት እዚያ እንደደረስን ልናገር።

እኔ ሁለተኛ ክፍል ሳልጨርስ ነው ከትምህርት ቤት የወጣሁት። ፊደሉን በኋላ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ቀበሌ ተቀምጬ ጨረስኩት። ማንበብም መጻፍም እችላለሁ፣ ይኸው ራሴ ነኝ የምጽፈው፤ ከዚያ ያለፈ ግን አልተማርኩም። የልጄ አባት አገር ቤት ሳለን አረፈ። እኛን ያስመጣን ታክሲ የሚነዳው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ የምንኖረውም ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እሱ አፓርትመንት ውስጥ ነው። የሥራ ቀን ሆቴል አጸዳለሁ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ማማ ጋ እውላለሁ፣ አድራለሁም። በእነዚህ ቀኖች ወንድሜ ከመኪናው ስለማይወርድ ልጄን የማስቀምጥበት የለም፤ ይዣት እሄዳለሁ። ቀዩን ሜትሮ ይዘን፣ መሀል ከተማ ወርደን በቢጫው ቀይረን፣ ወንዙን በድልድይ ስንሻገር ልጄ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ትለጥፋለች።

ማማ በወጣትነታቸው ስልክ ቤት ተቀምጠው መስመር ሲያገናኙ የኖሩ ሴት ናቸው። ባል አግብተው ቀብረዋል፤ ልጅ አልወለዱም። እኔን በስልክ የቀጠረችኝ ካሊፎርኒያ የምትኖር የወንድማቸው ልጅ ናት፤ በአካል አይቻት አላውቅም። እግራቸው ከድቷቸው በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚሄዱት፤ አፋቸው ግን አላረጀም። እንደውም አፋቸው ብቻ የሃያ ዓመት ልጅ ሆኖ የቀረ ይመስለኛል።

እንግሊዝኛ የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ሾርባ ሳጎርሳቸው «ስዌል» ይሉኛል። ምን ማለት ነው ስል ልጄ ከሶፋው ላይ ሆና በእንግሊዝኛ፣ «ጥሩ ማለት ነው እማዬ፣ ግን ማንም እንደዚያ አይልም» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ማን አለ ማን አላለ ብዬ የምመርጥበት ጊዜ አልነበረኝም፤ ቋንቋ ያስፈልገኛል፣ ቁጭ ብለው የሚያስተምሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። «በንክ» ማለት ባዶ ወሬ ነው። «ኒፍቲ» ማለት ሽክ ያለ፣ ቅልጥፍ ያለ ነገር። «ሁች» ማለት ተደብቆ የሚወጣ አረቄ፤ እሳቸው ወጣት ሳሉ አሜሪካ መጠጥ በሕግ ከልክላ ነበር አሉ። እኔም «እኛ ካቲካላ እንለዋለን» ብዬ አስጠናኋቸው። «ካቲካላ» ማለት በጣም ደስ ይላቸው ነበር፤ ውሃ ሳቀርብላቸው ሁሉ «ካቲካላ?» ይሉኛል። በጣም የወደዱት ነገር ሲያጋጥማቸው ደግሞ «የንብ ጉልበት ነው» ይላሉ። ልጄ ይህን ስታስረዳኝ ወንድሜ ሰማና፣

«ንብ ደግሞ ጉልበት አላት እንዴ?» አለ።

«እኔ ምን አውቃለሁ። ማማን ጠይቃቸው።»

«እኔማ አልጠይቃቸውም፤ የሞኝ ጥያቄ ጠየቀኝ ብለው አንድ ስም ያወጡልኛል።»

አላመለጠም። አንድ እሑድ ሊወስደን መጥቶ ድክም ብሎት በሩ ላይ ዝም ብሎ ቆመ። ማማ ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ «ወንድምሽ ፍላት ታየር ነው» አሉኝ። እሱ ጎማህ ተንፍሷል የተባለ መስሎት ወደ ታክሲው ሮጠ፤ አራቱንም ጎማ በእግሩ እየረገጠ አይቶ ተመለሰ። ለካ ጨዋታ የማያውቅ፣ ሰው የሚያሰለች ማለታቸው ነው። ማማ እስኪያስላቸው ሳቁ። ወንድሜ ግን መንገዱን ሙሉ አኩርፎ ነዳ።

ቃላቱ አዲስ በነበሩ ጊዜ የሆነውንም ነግረውኛል። ያኔ የሴት ጓደኞቻቸው ፀጉራቸውን አጭር ተቆርጠው፣ ጉንጫቸውን ቀብተው፣ እንዲህ እያሉ ማውራት ሲጀምሩ ማማም ተከተሉ። የማማ እናት ደነገጡ። «በገዛ ልጄ አፍ ሌላ ሰው ይናገርበታል» ብለው ቄስ ጠሩ። ቄሱ ሲያቅተው እናትየው ራሳቸው የማማን አፍ በልብስ ሳሙና አጠቡ። ማማ ይህን የሚነግሩኝ ለሳቅ ነው፤ እኔም ያኔ ስቄያለሁ።

መሳቄን የተውኩት ሜትሮ ላይ ነው። አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ለልጄ ወንበር ሲለቅላት፣ ላመሰግነው ብዬ የማውቀውን ተናገርኩ፤ «ስዌል» አልኩና ሌላም ከማማ የሰማሁትን ጨመርኩበት። ሰውዬው ባርኔጣውን አወለቀ። ከየት እንደተማርኩት ጠየቀኝ። ልጄ ነገረችው። «እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ሲባል ሰምቼ አላውቅም» አለ፣ ቀስ ብሎ። ባቡሩ ከመሬት በታች ሲገባ መስኮቱ ጠቁሮ እንደ መስታወት ሆነ፤ ሰውዬው በዚያ ጥቁር መስታወት ውስጥ ፊቴን እያየ ነበር። እስኪወርድ ድረስ አየኝ። እኔን ያየ አልመሰለኝም።

ቤት ገብቼ ለወንድሜ ነገርኩት።

«እትዬ፣ አንቺ የተማርሽው እንግሊዝኛ እኮ ባለቤቶቹ ያለቁበት ነው» አለኝ። «ባዶ ቤት ገብተሽ መብራት እያበራሽ ነው።»

ለቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን ሳስበው ሰነበትኩ። የሞተ ሰው ልብስ እንኳ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ውሎ ነው የሚለበሰው። ቃል በምን ይታጠባል?

ከዚያ የመስኮቱ ነገር መጣ።

ማማ መስኮት ተዘግቶ መተኛት አይችሉም። በረዶ ቢወርድም በራስጌያቸው ያለው መስኮት ጥቂት ገርበብ ማለት አለበት፤ የሳሎኑም እንዲሁ። ልጅ ሳሉ የገባ የጉንፋን ወረርሽኝ ታላቅ እህታቸውን ወሰደባቸው። የሞተችው ታፍና በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ሐኪሙም እናታቸውም «ንጹሕ አየር» እያሉ አሳደጓቸው። እኔ ደግሞ ያደግሁት ተቃራኒውን ስሰማ ነው። አውቶቡስ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ምን እንደሚደርስበት የአገሬ ሰው ያውቀዋል። ሙቀቱ ቢያፍነንም ተያይዘን በላብ እንጠመቃለን እንጂ አንከፍትም። «ዝጋው፣ ልጁን ንፋስ መታው» ይባላል። ሰው የሚገድለው ብርድ ነው፣ ካላበው በኋላ የሚመታው ንፋስ ነው። የማውቀው ይህን ነው።

ጥር ላይ ልጄን ሳል ያዛት። እዘጋለሁ፤ ማማ «ኪዶ፣ መስኮቱን» ብለው ልጄን ልከው ያስከፍታሉ። እንደገና እዘጋለሁ፤ ሻይ ላፈላ ዘወር ስል ተከፍቶ አገኘዋለሁ። በመጨረሻ ሰፊውን ቡናማ ቴፕ ገዛሁ። አሮጌ ፎጣ ቀድጄ ስንጥቁን ሁሉ ጠቀጠቅሁና ቴፑን ዙሪያውን ለጠፍኩ፤ የሳሎኑን፣ የማማን ክፍል፣ የወጥ ቤቱንም። ማማ ወንበራቸው ላይ ሆነው ያዩኛል።

«ማማ፣ ብርድ ጥሩ አይደለም» አልኳቸው በእንግሊዝኛዬ።

«በንክ» አሉኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

የሥራ ቀን የምትመጣው ሌላዋ ሠራተኛ ሰኞ ጠዋት ቴፑን ልጣ ትከፍትላቸዋለች። እኔ ቅዳሜ ስደርስ መልሼ እደፍነዋለሁ። ቤቱ በሞቀ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። ቤዝመንት ውስጥ እየነደደ ቤቱን የሚያሞቀው አሮጌ ቦይለር ከሥራችን ሲያጉረመርም ይሰማኛል፤ ልጄ በካልሲ ብቻ ትዘዋወራለች።

ከዚያ በኋላ ነው ቤቱ የተለወጠው።

መጀመሪያ ራሴን ግንባሩ ላይ ቀበቶ እንደ ጠበቀበት ሰው ያመኝ ጀመር። ድካም ነው አልኩ። ቀጥሎ ማማ በጠራራ ቀን ከሰው ጋር ማውራት ጀመሩ። ማዕዘኑን እያዩ፣ «ግቡ ልጆች፣ በረዶው ጫማችሁን ያበላሸዋል» ይላሉ። አረጁ፣ አእምሯቸው ደከመ ብዬ አለፍኩት። አንድ ከሰዓት ግን ወጥ ቤት ሰሃን ሳጥብ ከሳሎን የብዙ ሴቶች ሳቅ ሰማሁ፤ ተረከዝ ወለሉን ሲመታም ሰማሁ፣ እንደ ዳንስ። ቧንቧውን ዘጋሁ። አላቆመም። እጄን ሳልጠርግ ገባሁ። ማማ ክፍላቸው ውስጥ ተኝተዋል፤ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፤ ልጄ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ ባዶውን ወንበር ታያለች።

«ማን ነው የሳቀው?»

«ዘ ገርልስ» አለችኝ።

«የትኞቹ ገርልስ?»

«የማማ ናቸዋ» አለች፣ የማይጠየቅ ነገር እንደጠየቅሁ። ከዚያ ወደ ወንበሩ ዞራ፣ «ትዌንቲ ስሪ ስኪዱ» አለችና ሳቀች።

ይህን ቃል ሰምቼው አላውቅም ነበር። ማማን እራት ሳጎርሳቸው ጠየቅኋቸው። ማንኪያው አፋቸው ደጃፍ ላይ ሲደርስ አፋቸውን ዘጉ።

«ይህን ማን አስተማራት?»

«ማማ፣ እርስዎ ነዎታ።»

«እኔ አልናገረውም። የእህቴ ቃል ነው። ከክፍሏ ስታባርረኝ እንዲህ ትለኝ ነበር። ውጪ፣ ካለሽበት ሂጂ ማለት ነው።» ሾርባውን አልበላም አሉ።

ምናልባት ተናግረውት ረስተውት ይሆናል። ራሴን በዚህ ላጽናና ሞከርኩ። ግን ነገሩ እየተደጋገመ ሄደ። ቅዳሜ ጠዋት ደህና የነበረች ልጅ ቅዳሜ ከሰዓት ትፈዛለች፣ ትኩር ብላ ታያለች፣ በአሮጊት አፍ ትናገራለች። እሑድ ማታ ባቡር ውስጥ ታንቀላፋለች። ሰኞ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንነቃ ልጄ ልጄ ናት፤ ጫማዬ የት ሄደ ብላ ትጮሃለች፣ ቁርስ አልበላም ብላ ትጣላኛለች። እኔም ራስ ምታቱ ይለቀኛል። እንግዲህ ምን ልበል? ነገሩ ያለው ከእኛ ጋር አይደለም፤ ያለው እዚያ ቤት ነው፣ ማማ ጋ። የሞቱት ሁሉ ቃላቸውን እሳቸው ጋ አስቀምጠው፣ እሳቸው ደግሞ ሊሄዱ ሲሉ የሚቀበላቸው ወጣት አፍ እየፈለጉ መሰለኝ። የምወዳቸውን ሴት መፍራት ጀመርኩ። ልጄን ሲያዩ፣ ዓይናቸውና ልጄ መሀል ገብቼ እቆማለሁ።

ረቡዕ ማታ ወንድሜ እራቱን ሊበላ ሲገባ ነገርኩት።

«ዛር ነው ልትዪኝ ነው?»

«እኔ ስም አላወጣሁለትም።»

«የፈረንጅ ዛር ደግሞ ምኑን ይጠይቃል? ሀምበርገር?»

«አትሳቅብኝ። ልጅቷ የሞተች ሴት ቃል ተናገረች ነው የምልህ።»

ጉርሻውን ሰሃኑ ላይ መለሰው። «ሥራውን ተዪዋ» አለኝ።

«አሮጊቷን ለማን ጥዬ? የወንድማቸው ልጅ ሌላ ሰው እስካገኝ ታገሺኝ ብላኛለች። ቅዳሜ ካልሄድኩ ማን ያበላቸዋል?»

«እንግዲያው ልጅቷን ለእኔ ተያት፣ ይዣት እዞራለሁ።»

«ቅዳሜ? ከጠጪ ሁሉ ጋር?»

«እሱስ ልክ ነሽ።» እጁን ሊታጠብ ተነሣና ከበሩ ተመለሰ። «ጸበል ያዢ» አለኝ። እየቀለደ አልነበረም፤ እሱ ሳይቀልድ ሲቀር ነው የባሰ የፈራሁት።

ያን ቅዳሜ እንግዲህ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁትን ጸበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ሄድኩ። ቅዝቃዜው ጆሮ የሚቆርጥ ነበር። መስኮቶቹን ደፈንኩ፤ ሌላ ጊዜ የማልደፍነውን የመግቢያውን በር ሥር ጭምር በፎጣ ዘጋሁ። ቦይለሩ ከጠዋት ጀምሮ ማጉረምረሙን አላቆመም። ከምሳ በኋላ ማማን አስተኛኋቸው፤ ልጄ ሶፋው ላይ ተጋደመች። ከዚያ ነው ጉንጯን የፈተግሁት።

ጠርሙሱን አወጣሁ። ክዳኑ አልከፈት አለኝ፤ በጥርሴ ከፈትኩት። ፊቷ ላይ ረጨሁባት። አገር ቤት ሰው ሲለፈልፍ የሚጠየቀውን ጠየቅሁ።

«ማን ነህ? በሥላሴ ስም ንገረኝ።»

ልጄ አየችኝ፤ አሁን ያየችው እኔን ነው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «እማዬ» አለች፣ በአማርኛ፣ «ራሴን።» ከዚያ አስመለሳት።

በአማርኛ ተናግራኝ አታውቅም ማለት ይቻላል፤ ሁሌ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ላነሣት ጎንበስ ስል ጉልበቴ ከዳኝ። ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ለመነሣት ፈለግሁ፣ እግሬ ግን የሌላ ሰው እግር ሆነብኝ። ክፍሉ ረጅም ሆነ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠች ሴት ያለች መሰለኝ፤ የጫማዋ ጫፍ ብቻ ነው የታየኝ፣ ሹል ጥቁር ጫማ። ቀና ብዬ ፊቷን ላየው አልደፈርኩም።

ከጎን ካለው ክፍል ማማ፣ «መስኮቱን፣ ኪዶ» አሉ። ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። «መስኮቱን።»

እዚህ ላይ ያሰብኩትን እንዳለ ልጻፈው። ማማን ልታዘዝ ብዬ አይደለም። ይህን ነገር ውጣ ካልኩት መውጫ ልሰጠው ይገባል አልኩ። በሩም መስኮቱም ተደፍኖ በየት ይወጣል? የደፈንኩት እኔ ነኝ፤ ከልጄ ጋር አንድ ቤት ዘግቼበታለሁ። ስለዚህ ልክፈትለት፣ ይሂድ።

በእጄና በጉልበቴ እየተሳብኩ መስኮቱ ጋ ደረስኩ። ሹሉን ጫማ አልፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ። ቴፑን በጥፍሬ ላጥኩት፤ ጥፍሬ ተሰበረ። ፎጣውን መዘዝኩ። መስኮቱ አሮጌ ነው፣ አልነሣም አለ። በትከሻዬ ከሥር ገፋሁት። ተንቋቋና ተከፈተ።

ቅዝቃዜው ፊቴን እንደ ጥፊ መታኝ። ጭንቅላቴን አውጥቼ ተነፈስኩ። አንዴ፣ ደግሜ፣ ደግሜ። ከውሃ ሥር የወጣሁ ያህል ነበር። አየሩ ወደ ሆዴ ሲወርድ ግንባሬ ላይ ያለው ቀበቶ ትንሽ ላላ። ያን ጊዜ ሕመሙን አወቅሁት። ልጅ ሆኜ ጎረቤታችን አንዲት አራስ ነበረች። ብርድ እንዳይመታት በር ዘግተው ከሰል አስገቡላት። እኔም አብሬ ገብቼ ነበር። ይሄው ራስ ምታት ነበር፣ ይሄው የጉልበት መክዳት። ጎትተው ሲያወጡን «ከሰሉ በላቸው» ይሉ ነበር። እዚህ ቤት ከሰል የለም፣ ጭስም አይሸትም፤ ለዚያ ነው ያላሰብኩት። ከሥራችን ግን አንድ ነገር ቀኑን ሙሉ ይነድዳል።

አየሩ ነው አልኩ። ማማ አይደሉም። አየሩ ነው።

ልጄን ብብቷ ሥር ይዤ እየጎተትኩ ወደ በሩ ወሰድኳት። የበሩን ፎጣ በእግሬ ገፍቼ ከፈትኩ፤ በረንዳው ላይ ባለው በረዶ ላይ አስቀመጥኳት። እኔ፣ ልጄን ከንፋስ ስሸሽ የኖርኩት፣ በካልሲ ብቻ በረዶ ላይ አስቀመጥኳት። «ተንፍሺ» አልኳት። «አፍሽን ክፈቺና ተንፍሺ።»

ከዚያ ወደ ውስጥ አየሁ። ሳሎኑ ጭር ብሏል። መመለስ አልፈለግሁም፤ እውነቱ ይህ ነው። ማማ መጣራታቸውን አቁመዋል። ትንፋሼን ያዝኩና ገባሁ። ከአልጋቸው ላይ ላነሣቸው ስል ቀለውኛል፤ ይሁን እንጂ ጉልበት አልነበረኝም፣ ከነብርድ ልብሳቸው ወለሉ ላይ አወረድኳቸውና ብርድ ልብሱን በሁለት እጄ ይዤ እንደ በረዶ ላይ መንሸራተቻ ጎተትኳቸው። መሀል ላይ ትንፋሼ አለቀ። የከፈትኩት መስኮት ጋ ቆሜ ተነፈስኩና ቀጠልኩ። በሩን ስናልፍ ማማ ዓይናቸውን ገለጡ።

«የት ነው የምንሄደው?»

«ንጹሕ አየር፣ ማማ።»

«ጊዜ ወሰደብሽ» አሉኝ።

ስልኩ በሩ አጠገብ ነው። ገመዱን ስቤ ወደ በረንዳው አወጣሁትና የአደጋ ጥሪውን፣ ናይን ዋን ዋን ደወልኩ። ቤቱ መጥፎ፣ አየሩ መጥፎ፣ ሕፃን አለ፣ አሮጊት አለ አልኩ። ሴትዮዋ ሁለቴ አላስደገመችኝም።

የእሳት አደጋ መኪናው ሲመጣ አንዱ ሰው በእጁ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ይዞ ገባ። መሣሪያው ከበሩ ጀምሮ ጮኸ። ሰውዬው ወዲያው ተመልሶ ወጥቶ ጭንብል አደረገ። የእሱ ፈጥኖ መመለስ ነው ምን ውስጥ እንደነበርን ያስረዳኝ። በኋላ ነገሩን አስረዳን፤ በጭስ መውጫው ውስጥ ጡብ ተንዶ ዘግቶታል፣ የቦይለሩ ጭስ ወደ ቤት ነው የሚመለሰው። መርዙ ሽታ የለውም፣ አይታይም። ሰውን ያሳምማል፣ ያስቃዣል፣ የሌለ ያሳያል፣ ጉንጭ ያቀላል፣ ከዚያ ያስተኛል። ከመቼ ጀምሮ እንደተዘጋ አይታወቅም አለ። አሮጊቷ መስኮት ከፍተው ባይኖሩ ኖሮ ከዚህ በፊት ሞተው እናገኛቸው ነበር አለ። ማማ አምቡላንሱ ውስጥ ጭንብል እንዳደረጉ ይህን ሰምተው ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ። ሲስቁ ጭንብሉ በእንፋሎት ነጣ።

ሆስፒታል ሦስታችንንም ኦክስጅን አስተነፈሱን። ወንድሜ ተሳፋሪውን መንገድ ላይ አውርዶ መጣ። የልጄን አልጋ ብረት በሁለት እጁ ጨብጦ ቆመ።

«እትዬ።»

«አለሁ።»

«ጸበሉ ነው ወይስ መስኮቱ?»

«አላውቅም። ሁለቱንም አድርጌያለሁ።»

«ደግ አደረግሽ» አለና ፊቱን አዞረ።

በማግሥቱ ሐኪሙ አሰናበተን። ማማን ለጥቂት ቀን አቆዩአቸው። ልሰናበታቸው ገብቼ እጃቸውን ይዤ ቆምኩ፤ ሙቅ ነበር። የወንድማቸው ልጅ በአውሮፕላን እየመጣች እንደሆነና ቦይለሩ ሳይቀየር ማንም እዚያ ቤት እንደማይገባ ነገሩኝ። ከዚያ «ሂጂ፣ ልጅሽን ይዘሽ ግቢ» አሉኝ።

ታክሲው ውስጥ ልጄ ከኋላ ተቀመጠች። አጎቷን ሙዚቃውን ቀይርልኝ ብላ ነዘነዘችው፤ አልቀይርም ሲላት በራሷ እንግሊዝኛ፣ የዕድሜ እኩዮቿ በሚናገሩት፣ ተጨቃጨቀችው። የሁለቱን ጭቅጭቅ እየሰማሁ ወንዙን ተሻገርን። ሲልቨር ስፕሪንግ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልገባችም። በሩን ከፍተን ገባን፣ ልጄን አልጋዋ ላይ አስተኛሁና አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ትንፋሿ ደህና ነው። ማማም በሕይወት አሉ። እኔም ደህና ነኝ። ከዚያ ቤት ወጥተናል፣ ቤታችን ገብተናል፣ ተርፈናል።